አምቦ ላይ የፌዴራል ዳኛ ማን ነው?

የባሕር ዳር ነጋዴ ለጊንጪ ጤፍ አቅራቢ ቀብድ ከፍሎ እህሉ ሳይደርሰው ቢቀር ክሱን ይዞ ወዴት ይሄዳል? ሁለቱ ሰዎች በተለያየ ክልል የሚኖሩ በመሆናቸው ጉዳያቸው በሕግ ዓይን የፌዴራል ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ ከአምቦ እስከ ጉደር ድረስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ምልክት የተሰቀለበት ሕንፃ አይገኝም። ፋይሉ የሚከፈተው በምዕራብ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥራ በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን እንዲሠራበት አድርጓል። የሕግ ሰዎች የውክልና ሥልጣን የሚሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ አምቦ ላይ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ዳኛ ጠዋት በክልል ጉዳይ ይፈርዳል፣ ከሰዓት በኋላ የፌዴራል ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። የሾመው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስሙን ሰምቶ እጅ አላወጣለትም። ሕገ መንግሥቱ ይህ ክፍተት እንደሚኖር አስቀድሞ አይቶት ነበር። አንቀጽ 81 የክልሉ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ዕጩዎቹን ለጨፌው ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት እንዲጠይቅ ያዛል። የፌዴራሉ ጉባኤ በሦስት ወር ውስጥ ካልመለሰ ግን ሹመቱ ሊቀጥል ይችላል። ዝምታም እንደ መልስ ይቆጠራል ማለት ነው።

ስለ ዳኛ ሹመት ሲነሳ ክርክራችን ብዙውን ጊዜ አራት ኪሎ ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ማን ተሾመ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን የማን ወገን ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ከሕግ ሙያ ወደ ሕግ አውጪነት፣ ከሕግ አውጪነት ወደ ዳኝነት የሚያሻግረው መንገድ በዚህች አገር በታወቀ በር አልሄደም። በእስር ቤት፣ በስደትና በመልቀቂያ ደብዳቤ በኩል ነው የተጓዘው። የምዕራብ ሸዋ ሰው ደግሞ የዚህን ጉዞ ዋጋ ከብዙዎች ቀድሞ ከፍሏል።

ሁለት ሴቶችን እንውሰድ።

ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ ውስጥ። በዚያ ዓመት ሕወሓት ለሁለት ተሰንጥቆ የተሸነፈው ወገን ሰዎች አንድ በአንድ ከሥልጣን ይወርዱ ነበር። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው የቀረቡት በእኚህ ወጣት ዳኛ ችሎት ነበር። ዳኛዋ ሕጉን አገላብጠው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ የፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት አዋጁን በአዋጅ ቁጥር 239/1993 አሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። አንድ ዳኛ የሰጠችውን ትእዛዝ ያልወደደ መንግሥት ይግባኝ የሚል በር ነበረው። ምክር ቤቱ ግን ሕጉን ራሱን ለወጠው። ሕግ አውጪው የችሎቱን ሥራ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ በቅርቡ ታሪካችን ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ያኔ እጁን ካወጣው ተወካይ መካከል ችሎት ፊት ቆሞ ዋስትና ጠይቆ የሚያውቅ ስንት ይሆን? የዋስትና መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሰፈረ መብት ነው፤ ለአንድ ሰው ተብሎ የተዘጋ በር ለብዙዎች ተዘግቶ ይቀራል።

ዳኛዋ ከወንበሩ ወርደው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከተካሄደው ምርጫ በኋላ የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ሲታሰሩ እሳቸውም አብረው ታሰሩ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መምራት ጀመሩ፤ ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የይቅርታውን ሁኔታ አፍርሰዋል ተብለው እንደገና ተያዙና የዕድሜ ልክ ፍርዱ ተመለሰባቸው። እሳቸው ወህኒ ሳሉ ወደ ፓርቲያቸው ከገቡት ሰዎች አንዱ አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ፤ ያው በዋስ ይለቀቁ ብለው ያዘዙላቸው ሰው። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢጽፈው አንባቢ አጋነንከው ይለው ነበር። ወይዘሪት ብርቱካን በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈቱ፣ ወደ አሜሪካ ሄዱ፣ ሃርቫርድ ተማሩ። ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው።

ሁለተኛዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው። አሶሳ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ በደርግ መጨረሻና በሽግግሩ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። ከዚያ ሕገ መንግሥቱን ላረቀቀው ኮሚሽን የሕግ አማካሪ ሆኑ። ለወትሮው ሕግ አውጪ የሚባለው ምክር ቤት ውስጥ እጁን የሚያወጣው ሰው ነው፤ ሆኖም የዛሬው ሕገ መንግሥት ሲጻፍ እሳቸው ቅርብ ነበሩ። ቀጥለው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት ዋነኛዋ ሆኑ። የአሩሲዋ ልጃገረድ አበራሽ በቀለ የጠለፋትን ሰው ገድላ በተከሰሰች ጊዜ ማኅበሩ ቆመላት። ጉዳዩ ኋላ «ድፍረት» በተባለው ፊልም ዓለም ያየው ነው።

የወይዘሮዋ ታሪክ ለሕግ አውጪ ትምህርት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን በሕጋዊ መንገድ ካገባት ክሱ እንዲቋረጥ ይፈቅድ ነበር። ግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። ከዚያ በፊት የቤተሰብ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተሻሽሏል። ሁለቱም ማሻሻያዎች የማኅበሩ የዓመታት ጉትጎታ ያለባቸው ናቸው። ምክር ቤት ገብተው ሳያውቁ ሕግ ያስለወጡ ጠበቆች ነበሩ ማለት ነው፤ ችሎት ላይ የተጋፈጡት ጉድለት ነው ወደ ረቂቅ የተለወጠው። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ ለወንበሩ የመጀመሪያዋ ሴት።

የሁለቱ ሹመት በሦስት ሳምንት ልዩነት መምጣቱ ያኔ ብዙ ደስታ ፈጥሮ ነበር፤ ከደስታው ጀርባ ያለው ቁም ነገር ግን ብዙም አልተወራም። በ1997ቱ ምርጫ ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ከማል በድሪ። ቦርዱ በደለኝ ያለ ፓርቲ አቤቱታውን ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ የፍርድ ቤቱ ቁንጮ ያው የቦርዱ ሰብሳቢ ነው። የአቶ ከማልን ቅንነት መጠርጠር አያስፈልግም፤ ወንበሮቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ። አምቦና ጊንጪ በዚያ ዓመት የዶክተር መረራ ጉዲናን ፓርቲ የመረጡ ከተሞች ነበሩ። መረራ ምክር ቤት ገቡ፤ በአምስት ዓመቱ ምርጫ ተቃዋሚው በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ወንበር ይዞ ቀረ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የምክር ቤቱ 547 መቀመጫ በሙሉ በገዥው ፓርቲና በአጋሮቹ ተያዘ።

ምክር ቤት ውስጥ ድምፁ የጠፋ ሕዝብ መንገድ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ተነሱ። ያኔ የምዕራብ ሸዋ ሰው ፌዴራል ፍርድ ቤትን በደንብ ተዋወቀው፤ ያውም አምቦ ላይ ሳይሆን ልደታ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 የሽብር ክስን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሰጠው፣ የውክልናው ነገር ተረሳና ተጠርጣሪዎች በማዕከላዊ ምርመራ በኩል አዲስ አበባ ተወሰዱ። ችሎቱ የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር ተከሳሽ ስለ ነፃነቱ የሚወሰነውን በአስተርጓሚ አፍ ይሰማል። ቤተሰብ ለአንድ ቀጠሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ችሎቱ ሳይሰየም ቀርቶ ተመለሱ ይባላል። የቀጠሮ ወጪን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ሁለቱ ሴቶች እንመለስ፤ መንገዳቸው አንድ ጊዜ ተገናኝቷል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የወይዘሪት ብርቱካን ቦርድ በኮቪድ ምክንያት ለነሐሴ የተያዘውን ምርጫ ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። የምክር ቤቱ ዘመን መስከረም መጨረሻ ላይ ያልቃል፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ምን ይደረግ የሚለውን በግልጽ አልጻፈም። ጉዳዩ ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሄደ። የጉባኤው ሰብሳቢ በሕግ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ወይዘሮ መዓዛ ማለት ነው። የሕግ ምሁራን በቴሌቪዥን ፊት ቀርበው ተከራከሩ፤ እንዲህ ያለ ክርክር በአደባባይ ማየት ለብዙው ተመልካች አዲስ ነበር። ቡና ቤት ውስጥ እግር ኳስ ይታይበት የነበረው ስክሪን ለቀናት ስለ አንቀጽ ይናገር ነበር። የመጨረሻው ቃል የጉባኤው አልነበረም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በአራት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የጉባኤውን ሐሳብ አጸደቀ።

የኢትዮጵያ ልዩ ነገር ይህ ነው። ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ዳኛ አይደለም፤ የፖለቲካ ተወካዮች ስብስብ ነው። የአገሪቱ ዋና ዳኛ አማካሪ ሆነው ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ፖለቲከኛው ይፈርዳል። ሌላው ዓለም ሕግ አውጪ የነበረ ሰው ዳኛ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ሲከራከር፣ እኛ ዘንድ የምክር ቤት አባሉ ወንበሩን ሳይለቅ ከሁሉም በላይ የሆነውን ፍርድ ይሰጣል። ውሳኔው በኋላ ትክክል ሆኖ ቢገኝም ባይገኝም፣ የአምቦ ተቃዋሚ ፓርቲ ደጋፊ ጉዳዩን የዳኘው ወገን ጉዳዩ የሚመለከተው ወገን ነው ብሎ ቢያስብ የሚያስደንቅ አልነበረም። ሁለቱ ሴቶች በ2015 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ልዩነት ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፤ ወይዘሮ መዓዛ በጥር፣ ወይዘሪት ብርቱካን በዓመቱ ማብቂያ አካባቢ በጤና ምክንያት።

ፖለቲካንና ዳኝነትን በአንድ እጅ መያዝ ለሸዋ አዲስ አይደለም። የጨቦው ተወላጅ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ አባ መላ፣ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው በ1919 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ይዋጉ፣ ይመክሩ፣ ይፈርዱ ነበር። ዛሬም ሽማግሌዎች ስለ ፍርዳቸው ብልሃት ያወራሉ። ወሬው ያማረው ሰውየው ብልህ ስለነበሩ ነው፤ ብልህ ያልሆነ ሹም በዚያው ወንበር ቢቀመጥ ይግባኝ የሚባልበት የለም። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጌዶ አካባቢ ያለችው ኦዳ ቢሲል ሌላ ልማድ ታስታውሳለች። በቃል ታሪክ እንደሚነገረው መኮ ቢሊ ለሜጫ ኦሮሞ ሕግ የደነገገው እዚያ ነው። የገዳ ሥርዓትም ሕግ ማውጣትንና መፍረድን በአንድ ጉባኤ ጥላ ሥር ያኖራል፤ ነገር ግን ሥልጣኑ በስምንት ዓመት ያበቃል፣ ተረካቢውም አስቀድሞ ይታወቃል። ሰዎቹን ከማመን ይልቅ የቀን መቁጠሪያውን ያመነ ሥርዓት ነው። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና ሰጥቷል፤ የገጠሩ ሰው ለመሬትና ለድንበር ነገር ወደዚያ መሄድ ይቀለዋል።

ከፖለቲካ ወደ ዳኝነት መሻገር በራሱ ነውር አይደለም። አሜሪካዊቷ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጠበቃ ነበሩ። ከዚያ የአሪዞና ሴኔት አባል፣ በኋላም የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወረዳ ዳኛ፣ ቀጥሎ የይግባኝ ሰሚ ዳኛ፣ በ1981 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ። የአገሪቱ ሴኔት ሹመታቸውን ከማጽደቁ በፊት በቴሌቪዥን በሚተላለፍ መድረክ ለቀናት ጠየቃቸው፤ ከዚያ 99 ለዜሮ አጸደቃቸው። በሕግ አውጪነት ያገኙት ልምድ ዳኝነታቸውን አላበላሸውም። ከሴኔት ወንበር ቀጥታ ወደ ላይኛው ችሎት አለመዝለላቸው፣ በመካከሉ ስድስት ዓመት በታችኛው ችሎት መዳኘታቸው ግን ልብ ሊባል ይገባል።

የእኛ አዋጆች አንድ ሰው ዳኛም የፓርቲ አባልም በአንድ ጊዜ እንዳይሆን ይከለክላሉ። ጥሩ ነው። ክልከላው የሚናገረው ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለመያዝ ነው። ዛሬ የፓርቲ መታወቂያውን ያስረከበ ሰው ነገ ችሎት ቢሰየም ተከራካሪው ምን ይሰማዋል? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አንድ ሙሉ የምክር ቤት ዘመን፣ አምስት ዓመት፣ በመካከል ቢቆም ተገቢ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ግን በሩ ሰፋ ቢል ይሻላል፤ ዳኝነትንና ጥብቅናን የሚያውቁ ሰዎች ምክር ቤት ቢገቡ እንደ 239ኙ ያለ አዋጅ በችኮላ ሲመጣ ቢያንስ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ቆይ፣ ይህ ነገ እኛን ይይዘናል» ሊል ይችላል። የዳኞች ሹመትም የስም ዝርዝር ተነብቦ በዚያው ስብሰባ የሚጸድቅ ከሚሆን፣ ዕጩው የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በሕዝብ ፊት ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?

የሚቀጥለው ነገር ለምዕራብ ሸዋ ይበልጥ የቀረበ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በክልሎች እንዲያቋቁም ይፈቅዳል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በደቡብ ተደርጓል። ኦሮሚያ አልተካተተም፤ ውክልናው ቀጠለ። አዲስ አበባ ቅርብ ናት፣ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ይችላሉ የሚል መልስ ይሰጣል፤ የሚያሳምን ክፍል አለው። ታዲያ ውክልናው ከቀጠለ አንቀጽ 79 የሚያዘው የማካካሻ በጀት በዞኑ ፍርድ ቤት ቢሮ ውስጥ በዳኛ ቁጥር፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በአስተርጓሚ ደመወዝ መልክ መታየት አለበት። ካልቀጠለ ደግሞ ቢያንስ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተዘዋዋሪ ችሎት አምቦ ላይ ይሰየም።

ለዚህ የሚሆን ሰው አይጠፋም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ በ1939 ዓ.ም. የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ ተቋም ነው፤ ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት አለው። ከዚያ ከሚመረቁት ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ክስ መጻፍ የሚችሉ ናቸው። ተከሳሹ በአስተርጓሚ አፍ የሚሰማበት ችሎት ላይ የሚጎድለው ይኸው ችሎታ ነው። ወጣቱ ተመራቂ ግን ከጥብቅና ፈቃድ እስከ ፌዴራል ዳኝነት የሚያደርሰውን መንገድ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ማንን ታውቃለህ የሚል። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የምልመላ ማስታወቂያውንና መስፈርቱን አምቦ ላይ ቢለጥፍ፣ የጽሑፍ ፈተናውንም እዚያው ቢሰጥ፣ በቀጣዩ ዓመት የዕጩዎቹ ዝርዝር ላይ የጊንጪና የጉደር ልጆች ስም ይታያል ወይስ አይታይም የሚለውን መቁጠር ይቻላል።